ኪራይ አይቀነስ፣ ክፍያ አይቀነስ፤ የሚቀነሰው የልጆች ምሳ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ጀሞ አካባቢ በኪራይ ቤት ነው። ሴቷ 11 ዓመቷ ነው፣ 5ኛ ክፍል ናት፤ ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል ነው። እኔ በአንድ ቢሮ ጽዳት ሠርቼ በወር 4,500 ብር አገኛለሁ። ባለቤቴ የቧንቧ ሥራ ይሠራል፤ ሥራ ባለበት ወር እስከ 9,000 ብር ያስገባል። ለኪራይ 5,000፣ ለሁለቱ ልጆች የግል ትምህርት ቤት 3,200፣ ለትራንስፖርት 1,500 እንከፍላለን። የምንበላው በተረፈው ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ ቀምሰው ይወጣሉ፤ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ዳቦ ወይም ፓስታ በዘይት አደርጋለሁ፤ ማታ እንጀራ በሽሮ ነው። በቅርቡ የወንዱ አስተማሪ ጠርታኝ ረፋዱ ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ እንደሚተኛ ነገረችኝ። ሴቷ ደግሞ ምሳዋን ሳትነካው ይዛ ትመለሳለች። ስጠይቃት 'አልራበኝም' ትለኛለች፤ ጓደኛዋ ግን 'ምሳ ዕቃዋን ለመክፈት ታፍራለች' አለችኝ። ይህን ለባለቤቴ እህት ባጫውታት 'ይሄ ድህነት ሳይሆን አለማወቅ ነው፤ እኛስ በሽሮ አይደል ያደግነው?' አለችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ጥፋቱ የእኔ ነው? ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቹን ይመግባል፤ ባለቤቴ ግን 'እኛ ያጣነውን እነሱ እንዲያገኙ ነው የምለፋው' ብሎ ከግል እንዲወጡ አይፈልግም። ምን ላድርግ?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ የነሳሽን ጥያቄ ላስቀድም። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም፤ የጻፍሽልኝን ቁጥር ደምሬ ቀንሼ ስላየሁት ነው። ሥራ ባለበት ወር የሁለታችሁ ገቢ 13,500 ብር ይሆናል። ኪራይ፣ ትምህርት ቤትና ትራንስፖርት 9,700 ይወስዱበታል። ይቀራል 3,800። ከዚህም ላይ መብራት፣ ውሃ፣ እድር፣ ሳሙና፣ አልፎ አልፎም መድኃኒት ሲነሳለት ለአስቤዛ 3,000 ብር ቢተርፍ ነው። ለአራት ሰው ሲካፈል በቀን 100 ብር፣ ለአንድ ሰው 25 ብር። በዚህ ብር ሦስት ማዕድ ማቅረብ የትኛዋም የተማረች ሴት ብትሆን የምትወጣው ሂሳብ አይደለም። ባለቤትሽ ሥራ ያጣበት ወር ላይ ደግሞ ይህም የለም።

የወጪሽን ዝርዝር ሳይ ልቤን የነካው አንድ ነገር አለ። አከራይ ኪራይ ጎድሎ አይቀበልም። ትምህርት ቤቱ ክፍያ ሲዘገይ ማሳሰቢያ ይልካል፣ ሲብስም ልጆቹን ከበር ይመልሳል። ታክሲ በግማሽ ሂሳብ አይጭንም። ሽሮው ቢቀጥን ግን መጥቶ የሚጠይቅሽ የለም። ልጆችም የቀረበላቸውን በልተው ዝም ይላሉ። ወሩ ሲያጥር ሁሉም ነገር ባለበት ቆሞ የሚቀነሰው ምግብ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። የገቢ ማነስ ወደ ልጆች ሰውነት የሚገባው በዚህ በኩል ነው። መጀመሪያ ወተቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ፍራፍሬውና ጎመኑ፤ መጨረሻ ላይ ሆድ የሚሞላው ብቻ ይቀራል፦ ዳቦ፣ ፓስታ፣ እንጀራ። ልጁ የተራበ አይመስልም፤ በልቷልና። ሰውነቱና አእምሮው የሚያድጉበትን ግን አላገኘም።

የባለቤትሽ እህት ስላለችው ደግሞ እንነጋገር። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ስላልሆነ ነው የበለጠ የሚያቆስለው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 38 በመቶዎቹ ቀንጭረው አግኝቷቸዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነበር። እጅግ ድሃ ከሆኑት ቤተሰቦች ልጆች 45 በመቶ፣ ከሀብታሞቹ ደግሞ 26 በመቶ። እናታቸው ምንም ያልተማረች ልጆች 42 በመቶ፣ እናታቸው ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረች 17 በመቶ። ልጆችሽ ያን ዕድሜ አልፈዋል፤ ሆኖም ያኔ ከተለኩት ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይማራሉ።

እንግዲህ ከሀብታሞቹም ቤት ከአራት ልጆች አንዱ ቀንጭሯል። ብር ብቻውን ልጅ አያሳድግም ማለት ነው፤ እዚህ ላይ እህታችን እውነት አላት። ነገር ግን የተማረች እናት ልጅ የተሻለ የሚያድገው እናቲቱ የወጥ አሠራር ተምራ ስለመጣች አይደለም። የተማረችው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ደሞዝ አላት፤ ቤት ውስጥ ስለ ገንዘብ ስትናገር ትሰማለች፤ ጤና ጣቢያ ገብታ ለመጠየቅ፣ ርዕሰ መምህሩን ለማነጋገር አትፈራም። ከነዚህ አብዛኛው ዛሬም በእጅሽ ነው። አስተማሪዋ ስትጠራሽ ሄደሻል፣ የልጅሽን ጓደኛ ጠይቀሻል፣ ወጪሽን በብር በብሩ ጽፈሽ ልከሽልኛል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ማቆምሽ ከዚህ አላገደሽም።

«በሽሮ አይደል ያደግነው» የሚለውን ብዙ ሰው ሲናገረው እሰማለሁ። ሽሮን ማንም አያጣጥለውም፤ ሽምብራና አተር ከጤፍ ጋር ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚሞላ ጥሩ ምግብ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ግን በሽሮ ብቻ አላደገም። እርጎና አይብ ነበረ፤ ከጓሮ ጎመንና ዱባ ይቆረጥ ነበር፤ ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ነበረ፤ በመኸር እሸቱ፣ በበጋ ቆሎው ነበረ። ያ ሁሉ ገንዘብ ስላልወጣበት ምግብ ሆኖ አልተቆጠረም፣ በትዝታም ውስጥ ሽሮው ብቻ ቀረ። ያም ሆኖ በዚያው ጥናት በገጠር የቀነጨሩት ልጆች 40 በመቶ፣ በከተማ 25 በመቶ ነበሩ፤ ስለዚህ ያ ኑሮም ቢሆን ሁሉንም አላሳደገም። ጀሞ ላይ ደግሞ ሽሮው ብቻውን ነው የሚመጣው፣ እሱም ወር ሲያልቅ ውሃ እየበዛበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ልጆቹን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውሪያቸው። አመንትቼ አይደለም የምነግርሽ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ያበላል። ከዚያ በፊት መምህራን ክፍል ውስጥ በረሃብ ተዝለፍልፈው የሚወድቁ ልጆችን ያነሱ ነበር፤ ምገባው የመጣው ያንን ችግር አይቶ ነው። ለአንቺ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የምትከፍይው 3,200 ብር ይቀራል። በዚያ ላይ ሁለት ልጆች በሳምንት አምስት ቀን ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ በሳምንት ሃያ ማዕድ ከአንቺ ትከሻ ይወርዳል። ቤትሽ ውስጥ ደሞዝ ቢጨመርልሽ እንኳ እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ጊዜ አይመጣም።

ከገንዘቡም በላይ ለሴት ልጅሽ የሚሆን ነገር አለው። ምሳ ዕቃ በየቀኑ የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፍ ነገር ነው። የአንዱ ጥብስ፣ የሌላው ፍርፍር በእንቁላል፣ የሌላው ደረቅ ዳቦ። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ስታይ ረሃቡን ትመርጣለች፤ ልጅሽም መርጣለች። በምገባው ግን ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። የማን አባት ምን እንደሚሠራ ከሳህኑ ላይ አይታይም።

የባለቤትሽን ሐሳብ አልንቀውም። ልጆቹን ከመውደድ የመጣ ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ተማሪ እንደሚበዛበትም እውነት ነው። ሆኖም የግል መባሉ ብቻ ጥሩ ትምህርት አያደርገውም፤ ዝቅተኛ ክፍያ ከሚያስከፍሉት መካከል አስተማሪ በየመንፈቁ የሚቀያየርባቸው፣ ግቢ የሌላቸው ብዙ ናቸው። አብራችሁ ሂዱና ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ጠይቁ፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት መሆን አለመሆኑን። ሰፈር ውስጥ ልጆቻቸውን እዚያ የሚያስተምሩ እናቶችንም አነጋግሩ። ከዚያ ደግሞ ይህን በይው፦ «ረፋድ ላይ የሚተኛ ልጅ የምንከፍልለትን ትምህርት እየሰማ አይደለም።» በቁጣ አትንገሪው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ሂሳቡን አብራችሁ ሥሩት። አባት ሁሉ ልጁ እንዲማር ነው የሚፈልገው፤ ቁጥሩን ሲያየው የሚለው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዝውውሩ ከተሳካ ሁለት ነገር ጠንቅቂ። አንደኛው፣ ያ 3,200 ብር ሳይታወቅ እንዳይበተን። ደሞዝ በገባ ቀን ቢያንስ ግማሹን ከሌላው ነጥለሽ ለአስቤዛ አውይው፤ ጤፉን፣ ሽምብራውን፣ ዘይቱን፣ ምስሩን ከሸማቾች ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ አንድ ላይ ግዢ። በየቀኑ ከሱቅ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ድሃ ከሀብታሙ አስበልጦ ነው የሚከፍለው። ሁለተኛው፣ «ትምህርት ቤት በልተዋል» ተብሎ ራታቸው እንዳይቀነስ። ይህ በብዙ ቤት ሳይታሰብ የሚሆን ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ምገባው ለልጁ ሳይሆን ለቤቱ ወጪ መሸፈኛ ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምትም ምገባ የለም፤ ለእነዚያ ቀናት አስቀድመሽ አስቢ። በነገራችን ላይ በየትምህርት ቤቱ የሚያበስሉት «መጋቢ እናቶች» እንደ አንቺ ያሉ የሰፈር እናቶች ናቸው። ከቢሮው ጽዳት የተሻለ ይሆንልሽ እንደሆነ ወረዳሽን መጠየቅ አይጎዳሽም።

ምዝገባው እስኪደርስ ግን ልጆቹ ነገም ይበላሉ። ወንዱን በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ረፋድ ላይ የሚተኛው ቁርሱ ዳቦና ሻይ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ዳቦና ስኳር ቶሎ ያልቃሉ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ ባዶ ነው። ነገር ግን የደም ማነስም፣ የሆድ ትልም እንዲሁ ያደክማል። የደም መጠኑን እንዲለኩለት፣ ሰገራውንም እንዲያዩለት ጠይቂ። ሴቷንም አብረሽ ውሰጃት፤ ፈጥና የምታድግበት ዕድሜ ላይ ናት፣ የወር አበባም በቅርቡ ሊጀምራት ይችላል፣ ያን ጊዜ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በጣም ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ከኪስሽ ምንም ሳታወጪ ማድረግ የምትችይው አንድ ነገር አለ፦ ሻይን ከምግብ ጋር አትስጫቸው። ሻይ ሰውነት ከምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከፈለጉ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይጠጡት። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው፣ ከጎመንና ከምስር ውስጥ ያለው ብረት እንዲገባ ያግዛሉ። ምስሩ ላይ ግማሽ ሎሚ መጭመቅ ብዙ አያስወጣም።

ጠዋት በዳቦው ፋንታ የበሶ ጭብጦ በትንሽ ዘይት፣ ወይም የገብስ ገንፎ፣ ወይም አጥሚት ስጫቸው፤ እስከ ምሳ ያቆያቸዋል። ለምሳ የማታውን ሽሮ ወፈር አድርገሽ ሠርተሽ ጠዋት ፍርፍር አድርጊው። ፓስታውን ከዘይት ይልቅ በምስር ሥሪው፤ በዚያው ብር ማለት ይቻላል፣ ሆኖም ሌላ ምግብ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጎመን ወይም ካሮት ወይም ዱባ ከእንጀራው ጎን ይኑር። በፍስክ ወቅት እንቁላል ከተገኘ በየቀኑ ባይሆን እንኳ አንድ ቀን እየዘለልሽ ለሁለቱ ልጆች ይሁን። ለብስኩትና ለቺፕስ የምትሰጫቸው ሳንቲም ካለ በዚያው ቆሎ ግዢ፤ የገብሱ ቆሎ ውስጥ ሽምብራና ኦቾሎኒ ጣል አድርጊበት። ጨውሽ አዮዲን ያለበት መሆኑን እይ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው እንጂ አብሮ አይንተክተክ።

አንድ የሚከብድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። በብዙ ቤታችን ሥጋ ሲገኝ ሥጋው ለአባወራው፣ መረቁ ለልጆቹ ነው። ይህ አክብሮት ነው፣ አውቃለሁ። ሥጋው ለልጆች ምን እንደሚያደርግላቸው ግን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በኬንያ ኤምቡ በተባለ አካባቢ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ይሰጡ ነበር፤ ለአንዱ ቡድን ሥጋ ጨምረውበት፣ ለሌላው ወተት፣ ለሌላው ዘይት። በማሰብ ችሎታ ፈተና ብልጫ ያሳዩት፣ በጨዋታም ሜዳ ይበልጥ የነቁት ሥጋ የደረሳቸው ልጆች ነበሩ። ብዙ ሥጋ አልነበረም፣ ከንፍሮው ጋር የተቀላቀለ ጥቂት ነው። ቤትሽ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚገባው ሥጋ ካለ ለልጆቹም ሳህን ይድረስ፤ ባለቤትሽም በዚህ የሚከፋ አይመስለኝም፣ የግል ትምህርት ቤት የሚከፍልላቸው አባት ነው።

ጾሙን በተመለከተ ሃይማኖታችሁን አልጻፍሽልኝም፤ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የልጆቹን ጾም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። እኔ የማውቀው በብዙ ቤት ልጆቹ እንዲጾሙ ማንም ሳያዛቸው እንደሚጾሙ ነው፤ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ የፍስክ ምግብ ቤት አይገባም፣ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል፣ ወተቱም ይቀራል። ለልጆቹ የምትለይላቸው አንዲት ትንሽ ድስት ይህን ትፈታለች። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ውስጥ ያለው ቢ12 የተባለ ቪታሚን ከእህልና ከአትክልት አይገኝም።

ከሴት ልጅሽ ጋር ደግሞ ብቻችሁን ተቀመጡ። «ለምን አልበላሽም» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ምን ቢሆን ደስ ብሎሽ ትከፍቻለሽ?» በያት። ልጆች የሚጠይቁት ሁልጊዜ ውድ ነገር አይደለም። ፍርፍሩ ደርቆ እንዳይቀር፣ ምሳ ዕቃው ክዳኑ የተሰበረ እንዳይሆን፣ ወይም ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ለብቻ እንድትበላ ሊሆን ይችላል። የቤታችሁን ሂሳብ ሳትደብቂ፣ ሳታስፈሪያትም ንገሪያት፤ 11 ዓመት ይህን የሚችል ዕድሜ ነው። አስተማሪዋንም በጎን አነጋግሪ፤ ለወንዱ ጠርታ የነገረችሽ አስተማሪ ካለች ለሴቷም የሚያስብ አይጠፋም።

ለባለቤትሽ እህት መልስ መስጠት አይጠበቅብሽም። ፍላጎቷ መርዳት ከሆነ ግን ከገጠር ዘመድ ሲመጣ የሚላክ ምጥን ሽሮ፣ በሶ ወይም ቅቤ ካለ እንድታካፍልሽ ጠይቂያት፤ ቅዳሜ ምሳ ልጆቹ እሷ ቤት ቢበሉም ነውር የለውም።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ። ውጤቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጤና ጣቢያው የብረት ሽሮፕ ወይም ክኒን ያዝለታል፤ አወሳሰዱ ላይ ያልገባሽ ነገር ቢኖር፣ ሆዱን ቢያደርቀው ወይም ሰገራው ቢጠቁር ሳትደነግጪ ሳታቋርጪም ባለሙያውን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው።